አቶ ኦይታ ይቆዩ ወይስ ይጥፉ?

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በ2005 ዓ.ም. የካቲት 5 ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አቶ ኦይታ የመታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ሱቄ ገቡ። አንድ ቅጂ ነው ያስነሡት። ፊትና ጀርባ።

ይህን ያህል ክብር የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አቶ ኦይታ የምክር ቤት አባል፣ በዚያ ላይ ስሙን የማልጠራው የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ሦስት የፎቶ ኮፒ ማሽን አለው፤ አንዱ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ወረቀት ሊያስባዛ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ሲቀላ ድረስ በመኪና ቁልቁል ከወረደ፣ የመጣው ለወረቀቷ አይደለም።

"ሰው ታጠፋለህ የሚሉኝ ካሱ አንተ ነህ?" አሉኝ።

መታወቂያዋን በላስቲክ ልታስለብጥ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ።

"ገጽ ነው ጌታዬ" አልኩ። "ሰው አላጠፋም።"

"እኮ ገጽ።" ሴትዮዋ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "የኔን ገጽ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው ትልቅ የዕውቀት መዝገብ አለ። የአማርኛው ክፍል ትንሽ ነው፤ ያኔ ተግተን የምንሠራበት ስድስት ሰው ብንሆን ነው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት የሌላ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው። የሙዝ በሽታን አራት ጊዜ፣ የመስኖ ቦይን ስድስት ጊዜ ተይቤአለሁ፤ ስድስቱም መደምደሚያቸው አንድ ነው። ከዚያ ሥራ ሲቀዘቅዝ መዝገቡ ላይ ስለ ዓባያ ሐይቅ የተጻፈ ስሕተት አረምኩ፣ ሌላም አረምኩ፣ በአምስተኛው ዓመት ገጽ የማጥፋት ሥልጣን ሰጡኝ። ደመወዝ የለውም። ማኅተምም የለውም። ግን ሥልጣን ነው፤ ሥልጣን ያገኘ ሰው ደግሞ ዝም አይልም፣ እኔም ዝም አላልኩም። መናኸሪያው አካባቢ ምሳ የበላ ሁሉ ሰምቶኛል።

በጥር ወር "ኦይታ" የሚል ገጽ መዝገቡ ላይ ወጣ። "ክቡር አቶ ኦይታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሕዝብ ባላቸው ተቆርቋሪነት" ብሎ ይጀምርና፣ በ1996 ዓ.ም. የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ በወጣ ጊዜ ሰባት ሰዎችን ከጎርፍ እንዳወጡ ይተርካል። ምንጭ የለውም። የካቲት 2፣ ቅዳሜ፣ ማን እንደሆኑ በቅጡ ሳላስብ "ይቆይ ወይስ ይጥፋ?" የሚለውን ማስታወቂያ አናቱ ላይ ለጠፍኩበት። ከዚያ በኋላ ደንቡ ሰባት ቀን ውይይት ይላል። በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሚዘጋው እኔ ነኝ። መለኪያውም አጭር ነው፦ ባለ ጉዳዩ ወይም የባለ ጉዳዩ ሰዎች ያልጻፉት፣ ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ላይ የወጣ ሁለት ምንጭ ካለ ይቆያል፤ ከሌለ ይጠፋል።

አቶ ኦይታ ጫማቸውን አዩ። ጫማቸው ያበራል።

"ባለቤትህ ካምባ ናት አይደል? መምህርት ሣራ።"

ፎቶ ኮፒው ራሱ ጩኸቱን የቀነሰ መሰለኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"የዝውውር ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ማመልከቻዋ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሆነው?"

"ሦስት።"

"ሦስት!" አሉ፤ ሌላ ሰው ያስቆየው ይመስል ከልባቸው አዘኑ። "የሷ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የኔ ደግሞ ጠረጴዛህ ላይ። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እንነጋገር ማለቴ ግን አይደለም።"

"አይደለም።"

"አንተ ደንብህን አክብረህ ሥራ።"

"በመመሪያ ነው የምሠራው።"

"እኔም በመመሪያ ነው የምሠራው" ብለው ተነሡ። ቅጂውን አግዳሚው ላይ ትተውት ሄዱ። ሴትዮዋ አንሥታ አየችውና "ፎቶው ላይ ወጣት ናቸው" አለች።

ስለ ሣራ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ስንጋባ ዝውውሩ በስድስት ወር ያልቃል ተብለን ነበር። ልጃችን አቢጋኤል ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፤ እኔ ያየኋት ቀን ሲደመር አምሳ አይሞላም። ካምባ መንገዱ ዝናብ ሲነካው መኪና ጭቃ ላይ ያድራል። ስልክ የሚይዘው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ ሲቆሙ ነው። ሣራ ረቡዕና እሑድ አቢጋኤልን አዝላ እዚያ ድንጋይ ላይ ትወጣለች። ነፋሱ ይሰማኛል፤ ከነፋሱ መሐል ሣራን እመርጣለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሲሳይ መጣ። ሲሳይ የአቶ ኦይታ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ነው፤ ገጹን የጻፈውም እሱ ነው። ሰማያዊ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ከብብቱ አይለይም። የእኅቱ ልጅ ልደት ላይ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት የተሰብሳቢ ስም ሲመዘግብ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ወፍራም ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። "ሁለት አይደል ያልከው? አሥራ አራት አምጥቻለሁ።"

አየሁት። ከቀበሌ፣ ከዕድር፣ ከሙዝ አምራቾች ማኅበር፣ ከእግር ኳስ ቡድን፣ ሁሉም "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

"ሲስ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ ነው።"

"ማኅተሙን እየው እንጂ! ክብ ማኅተም። ይሄኛው እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተመትቷል።"

"ጋዜጣ ላይ የወጣ፣ ሰውየውን የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው የምንፈልገው።"

"የማያውቃቸው ሰው ስለሳቸው ምን ያውቃል?" አለ ሲሳይ። "ቆይ አንተ፣ አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጠህ ሁለት ምንጭ አጣሁ ትለኛለህ?" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ወዲያው ቀልዱን መዝገቡ ጀርባ ላይ ጻፋት። ለአለቃው ሊነግራት ነው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ተመልሶ የውይይት ገጹን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሰው ገብቶ ተናግሯል። የመጀመሪያው "ክቡር ሰብሳቢ፣ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ከኔ በፊት የተናገሩት ተሰብሳቢ እንዳሉት ገጹ ይቆይ እላለሁ" ይላል። ከሱ በፊት የተናገረ የለም። ሦስተኛው በሥራ መደራረብ ምክንያት ዘግይቶ በመድረሱ ይቅርታ ይጠይቃል። አምስተኛው እንደ ግምገማ አድርጎት "ጠንካራ ጎናቸው ብዙ ነው፤ ደካማ ጎናቸው ዕረፍት አለማድረጋቸው ነው፣ ይህን ሊያርሙ ይገባል" ብሏል። ስምንተኛው "የሻይ ሰዓት ደርሷል" ብሎ ብቻ ጽፏል። አሥራ አንደኛው ሲሳይ ራሱ መሆኑ ያስታውቃል፦ "ገጹ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ስብሰባው ያበቃበት ሰዓት 6፡10።"

አሥራ አንዱም የጻፉት ከአንድ ኮምፒውተር ነው። ተራ በተራ ወንበሩን እየለቀቁ፣ የለቀቀውም እያጨበጨበ፣ ታየኝ።

በያንዳንዱ አስተያየት ሥር ደግሞ አንድ መልስ አለ። "ዓባይ" በሚል ስም የሚጽፍ አዘጋጅ አለን፤ ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደሚኖር ማናችንም አናውቅም። አሥራ አንዱንም ጊዜ አንዲት ቃል ነው የጻፈው።

"ምንጭ?"

የሻይ ሰዓቱ ሥር እንኳ "ምንጭ?" ብሏል።

ሲሳይ ደወለ። "ይሄ ዓባይ የሚባለው የማን ወገን ነው?"

"አላውቀውም።"

"የት ነው ያለው?"

"ምናልባት አውሮፓ። ምናልባት ሴቻ።"

ሁለተኛው ይበልጥ አስደነገጠው መሰለኝ። "ለአለቃው ደብዳቤ ብንጽፍስ?"

ዓባይ አለቃ የለውም። ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ያለ ምንጭ "ይቆይ" ብዬ ብዘጋው ነገ ይከፍተዋል፣ እኔንም ይከሰኛል፣ አምስት ዓመት የለፋሁበት ስም ይሄዳል። "ይጥፋ" ብል ሣራ አራተኛ ዓመቷን ካምባ ትጀምራለች። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፤ እውነተኛ ምንጭ ማግኘት። ሰባት ሰው ከጎርፍ የወጣበትን ነገር አንድ ጋዜጠኛ ሳይጽፈው አይቀርም። እንዲያ ከሆነ መመሪያውም ይከበራል፣ ሣራም ትመጣለች፣ እኔም ሐቀኛ ሆኜ እኖራለሁ። ሦስቱ በአንድ ላይ እንዲሆኑልኝ የለመንኩትን ያህል ለምኜ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ የምዕራብ ዓባያ ሰው ነኝ፤ አርባ ምንጭ የገባሁት በ1999 ነው። ጎርፉን አላየሁም። የአቶ ኦይታን ታሪክ የሰማሁት እንደ ሁሉም ሰው በስብሰባ ነው። ልብ ያላልኩት፣ ቀበሌ ላይ ሳሉ ያወጧቸው ሰዎች ሁለት እንደነበሩ ነው። ወረዳ ሲገቡ አራት ሆኑ። ዞን ሲደርሱ ሰባት። ክልል ቢያድጉ ኖሮ የኩልፎ ዳር ነዋሪ አይበቃቸውም ነበር።

ሐሙስ ሴቻ ወጣሁ። አቶ ወልደ ሚካኤል ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። የተጣለ ጋዜጣ ሁሉ ሰብስበው፣ በዓመት በዓመት በጆንያ ክር ሰፍተው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ደርድረዋል። እንግዳ የሚቀመጠው 1987 እና 1988 ላይ ነው።

"1996፣ ግንቦት" አልኳቸው።

"የጎርፉን ነው?" አሉና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ገጽ አራት፣ ታች።"

ሳያዩ ነው የነገሩኝ። አገኘሁት፤ ከጫማ ማስታወቂያ ሥር፣ ስድስት መስመር። "በአርባ ምንጭ ከተማ የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ በሙዝ ማሳዎች ላይ ጉዳት አድርሷል። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ አደጋ የለም። ጉዳቱን ለመመዝገብ ወደ ወንዙ ገብተው የነበሩ አቶ ኦይታ የተባሉ የመንግሥት ሠራተኛ በውኃው ከተወሰዱ በኋላ፣ ወይዘሮ በለጥሽ በተባሉ የሙዝ ነጋዴ ከውኃው ወጥተው ሕይወታቸው ሊተርፍ ችሏል።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

"ጋሼ፣ ይሄን ስንት ሰው ያውቃል?"

"ያኔ ኩልፎ ዳር የነበረ ሁሉ።"

"ታዲያ ለምን ማንም አልተናገረም?"

"በስብሰባ ላይ?" አሉኝ አቶ ወልደ ሚካኤል፤ ጥያቄዬ ገርሟቸው ጋዜጣውን በምላጭ በጥንቃቄ ቆርጠው ሰጡኝ። "እንካ። ተመልሶ አይሰፋም፣ አትመልሰው።"

ሐሙስ የሣራ ቀን አይደለም፣ ግን ደወለች። ረቡዕ ሁሉንም ነግሬያት ስለነበር አላስችል ብሏት ድንጋዩ ላይ ወጥታለች።

"አገኘህ?"

"አገኘሁ።"

"ተመስገን! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

አነበብኩላት።

"እንደገና አንብበው" አለች። አነበብኩት። "እሱ ነው እንግዲህ የተወሰደው።"

"እሱ ነው።"

"ካሱዬ፣ ይሄን ጋዜጣ ካንተ ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ? አንተ ካላገኘኸው እኮ የለም።"

"አግኝቼዋለሁ እኮ ሣራ።"

"ምን አገባህ ልትፈልግ!" አለችና ወዲያው ድምፅዋን ለወጠች። "ተወው፤ አልፈርድብህም። ዛሬ ምን ሆነ መሰለህ፣ አቢጋኤልን 'አባባ የት አለ?' አልኳት። ስልኩን አንሥታ አሳየችኝ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ነጠላ አለበሰችው።"

መልስ ልሰጥ ስል ተቋረጠ።

ዓርብ ጠዋት ቁራጯን ይዤ አቶ ኦይታ ቢሮ ገባሁ። ለምን ወደሳቸው እንደሄድኩ ዛሬም ስጠየቅ "ባለ ጉዳዩ እንዲያውቅ መመሪያው ስለሚያዝ" እላለሁ። መመሪያው እንዲህ አይልም። ፈርቼ ነው። ሌላ ሰው ቢያሳያቸው እኔ የደበቅኩ እንዳይመስል።

አነበቡት።

"ጋዜጣ ይሳሳታል" አሉ።

"ይሳሳታል ጌታዬ።"

"ከአዲስ አበባ ሆነው ነው የሚጽፉት። ኩልፎ በስተየት እንደሚፈስ የሚያውቅ አለ ከነሱ ውስጥ?" ወረቀቷን አጠፏት። "ስንት ሰው አይቶታል?"

"እኔና አቶ ወልደ ሚካኤል።" ሣራን አልጠራሁም።

መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ደብዳቤ አውጥተው ወደኔ አዞሩት። የሣራ ሙሉ ስም አለ። "ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ" ይላል። ፊርማ አለ። ማኅተም አለ፤ ሐምራዊ፣ ንጹሕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተመታ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ማኅተም አላየሁም።

"ቁጥርና ቀን ብቻ ነው የቀረው፤ ሰኞ መዝገብ ቤት ይሰጣል" አሉና ደብዳቤውን ከጋዜጣው ጋር አጣጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ሁለቱን በአንድ ኪስ። "ሲሳይ አንድ ሐሳብ አለው። ወይዘሮ በለጥሽ ራሷ ትመስክራ። ከጋዜጣና ከሕያው ሰው የቱ ይበልጣል? ነገ ኩልፎ ላይ አብረን ፎቶ እንነሣለን፣ ምስክርነቷ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አንተም ገጹ ላይ ታወጣዋለህ። ማታ ትዘጋዋለህ።"

"የሰው ምስክርነት እንደ ምንጭ..." ብዬ ጀመርኩ።

ኪሳቸውን ከላይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ቅዳሜ ቀድሜ ኩልፎ ወረድኩ። ወይዘሮ በለጥሽ የሙዝ ማሳዋ ዳር ቆማ ጋሪ እያስጫነች ነበር። አምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ አጭር ናት፣ ክንዷ ግን የወንድ ነው።

"እትዬ በለጥሽ፣ ነግረውሻል?"

"ነግረውኛል። 'አቶ ኦይታ አወጡኝ' በይ አሉኝ። ትንሽ ናት፤ ያዝኳት።"

"እውነቱን ግን..."

"እውነቱን ማን ጠየቀኝ?" አለች፤ የሙዙን ዘለላ እየገለበጠች ለባለ ጋሪው "ቀስ! ይላጣል!" ብላ ጮኸች። "የሚያውቅ ያውቃል። የማያውቅ አልጠየቀኝም። ሰውየው ተርፏል፣ ልጆቹን አሳድጓል። ማን እንዳወጣው ቢቀያየር ለሱ የሚጠቅመው ከሆነ እኔ ምን ይጎድልብኛል? ሙዜን አይወስድ።"

በዘጠኝ ሰዓት መጡ። አቶ ኦይታ ሙሉ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ከረባት፣ የሚያበራው ጫማ። ሲሳይ መዝገቡን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ "የተገኙ" ብሎ ስም መጻፍ ጀምሯል። አቶ ወልደ ሚካኤልም መጥተዋል፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ በትራቸው ላይ ተደግፈው ከሙዙ ጥላ ቆመዋል። የማሳ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ተሰለፉ። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ስብሰባ ላይ እንዳሉ ያህል ፊታቸውን አስተካክለው ያዙ።

ኩልፎ በየካቲት ኩልፎ አይባልም። ውኃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ብቻ፣ መሐል ላይ፣ አንድ ጉልበት ድረስ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ።

"ወይዘሮ በለጥሽ፣ ለተሰብሳቢው ያስረዱ" አለ ሲሳይ።

እጆቿን አጣምራ፣ ተማሪ ሳለን እንደምንቆመው ቆመች። "በ1996 ጎርፍ ጊዜ አቶ ኦይታ አወጡኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሎቹንም ስድስቱን አውጥተዋል።" ሲሳይን አየችው። "ስድስት ናቸው አይደል?"

"ስድስት" አለ ሲሳይ፤ ጻፈው።

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ይህን አልደብቅም፤ ሌሎቹ ካቆሙ በኋላ ሁለቴ ጨምሬ ነው ያጨበጨብኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሃያ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ቀርቶኛል። ሣራ ዛሬም ካምባ ድንጋዩ ላይ ናት፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዝሯል፣ አላነሣሁትም። ካሜራውም ያው ስልኩ ነው።

"ፎቶው እንግዲህ ውኃው ውስጥ ይሁን" አለ ሲሳይ። "ትልቁ ድንጋይ ላይ። ክቡርነትዎ እጃቸውን ይይዟቸዋል፣ ከውኃ እንደሚያወጧቸው ሆነው።"

በለጥሽ ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ጠቅልላ ገባች። አቶ ኦይታ ጫማቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። ባዶ እግሩን ገጹ ላይ የወጣ ባለሥልጣን ማን አይቷል? ሱሪያቸውን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው በጫማቸው ገቡ። ድንጋዩ ላይ ወጡ። እጃቸውን ዘረጉላት።

"ትንሽ ወደ ግራ" አልኩ። ስልኬን አነሣሁ። በስክሪኑ ውስጥ አምረው ነበር፤ ከላይ እሳቸው፣ ከታች እሷ፣ ከጀርባ ሙዝ። "ትንሽ ብቻ።"

አንድ እርምጃ ወደ ግራ አደረጉ።

ጫማው አንሸራተተ። ድምፅ እንኳ አላሰሙም፤ ክንዳቸውን ብቻ እንደ ክንፍ ከፍተው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። በለጥሽ አላሰበችም። በአንድ እጇ የኮታቸውን ማጅራት፣ በሌላው ቀበቷቸውን ይዛ፣ እንደ ሙዝ ዘለላ ወደ ላይ አንጠለጠለቻቸውና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጇ ቦታውን ያውቀው ነበር። ጣቴ ደንግጦ ነው መሰለኝ ስልኬ "ቀጭ" አለ።

በመዳፏ ኮታቸውን ጠረግ ጠረግ አደረገችላቸው። ከዚያ እንደ ልጅ ተቆጣች፦

"ያኔም ብዬህ ነበር እኮ! በጫማ አትግባ፣ ይጥልሃል አላልኩህም? አሁንም በጫማ?"

አፏን በእጇ ከደነች። ግን ወጥቷል።

የማሳ ሠራተኞቹ ሙዙን ያያሉ። አቶ ወልደ ሚካኤል ሰማዩን ያያሉ። ስብሰባ ላይ የለበስነው ፊት ማናችንም ላይ አልነበረም፤ ሌላ ፊት ደግሞ ይዘን አልመጣንም።

አቶ ኦይታ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ አንዱን ጫማቸውን አውልቀው ውኃውን ደፉት። ሁለተኛውንም ደፉት። ጊዜ ወሰዱበት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ደረታቸው አልራሰም ነበር፣ ከፍ አድርጋ ነው የያዘቻቸው። የሣራን ደብዳቤ አወጡ። ጋዜጣውም አብሮ ተጣጥፎ ስለነበር አብሮ ወጣ። አልለዩአቸውም።

"እንካ" አሉኝ፤ አላዩኝም። "ሰኞ ትምጣ።"

ከትልቅ ሰው በአንድ እጅ አይቀበሉም። ስልኬን ለበለጥሽ ሰጥቼ ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ፤ እሷም እንዳይነክሳት ያህል ከራሷ አርቃ ያዘችው።

ሲሳይ እስካሁን የዳሩ ድንጋይ ላይ ነው፤ መዝገቡ ጉልበቱ ላይ፣ ብዕሩ መስመሩ ላይ።

"ይሄ..." አለ። "ይሄ ይያዝ?"

አቶ ኦይታን አየ። በለጥሽን አየ። እኔን አየ። ማንም አልመለሰለትም።

ትንሽ ጠበቀና ጻፈው።